ከግድግዳው ጀምር፦ ሁለት ግራፊክስ ካርድ ለሚገጥም ልጅ

ልጄ፣ የላክህልኝን ዝርዝር አየሁት። ሁለቱን ግራፊክስ ካርዶች ከነሞዴላቸው፣ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኬዙን ሳይቀር ከነቀለሙ ጽፈሃል። ከሁሉም በታች «ፓወር ሰፕላይ፦ የተገኘው» ይላል። የምጽፍልህ ስለዚያች የመጨረሻ መስመር ነው። ዳንግላ ላይ ራዲዮና ቴፕ ስጠግን ኖሬ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ ኮምፒውተር የዞርኩ ሰው ነኝ። ተቃጥሎ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚደርሰው ዕቃ ብዙውን የገደለው ኃይል ነው። «የተገኘው» ብለህ ያለፍከው ዕቃ ሌሎቹን ሁሉ የሚመግብ ነው፤ ሲሄድም ብቻውን አይሄድም፤ ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሄዳል።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ካርድ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ዕቃው ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፎ እንጅባራ እስኪደርስ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። መንገድ በተዘጋ ጊዜ የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ይዞ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አይተነዋል። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምልህ።

1. ሁለት ካርድ ያስፈልግህ እንደሆነ አስቀድመህ ወስን።

አንድ ጌም በሁለት ካርድ ፈጥኖ እንዲሄድልህ ከሆነ ሐሳብህ፣ ተወው። ያ ዘመን አልፏል። ሁለት ካርድን ለአንድ ጌም ማጣመር እ.ኤ.አ. በ1998 በ3ዲኤፍኤክስ ቩዱ 2 ተጀምሮ፣ በ2004 ኤንቪዲያ ኤስኤልአይ ብሎ አምጥቶት፣ በዓመቱም የተፎካካሪው ክሮስፋየር ተከትሎት ብዙ ወጣት አስጎምጅቷል። ኤንቪዲያ ግን ከ2021 መጀመሪያ አንሥቶ ለአዳዲስ ጌሞች የኤስኤልአይ ድጋፍ ማዘጋጀቱን አቆመ። ከ30ዎቹ የአርቲኤክስ ካርዶች ማገናኛው የቀረላቸው 3090ዎቹ ብቻ ነበሩ፤ 40ዎቹ ሲመጡ ለጌም ካርድ ጨርሶ ጠፋ። ዛሬ ጌም ስትከፍት አንዱ ካርድ ይሠራል፤ ሌላው ተቀምጦ ሙቀት ይሰጣል፤ ኃይልም ይበላል። ሁለቱን ሸጠህ አንድ ጠንካራ ካርድ ግዛ፤ የሚያስፈልግህ ፓወር ሰፕላይም ያንሳል።

ሁለት ካርድ የሚጠቅምበት ሥራ ግን አለ። ብሌንደር ላይ አኒሜሽን የምትሠራ ከሆነ ፕሮግራሙ ሁለቱንም ካርዶች ይጠቀምባቸዋል፤ ሬንደሩም በግማሽ ጊዜ ገደማ ያልቃል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ለማሠልጠን የሚሞክሩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሁለት ካርድ ቢፈልጉ ትክክል ናቸው፤ የሚፈልጉት የካርዱን ሜሞሪ ነው። ጌም ቤት ልትከፍት አስበህ አንድ ኮምፒውተርን በሶፍትዌር ለሁለት ተጫዋች ከፍለህ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ልትመድብ ከሆነም ያስኬዳል። ቀን ጌም፣ ማታ የሠርግ ቪዲዮ ልታወጣበት ካሰብክ እሰየው ነው። ከነዚህ በአንዱ ከሆንክ ወደ ሁለተኛው እለፍ።

2. ከግድግዳው ጀምር።

በአቅራቢያችን የሚመነጨው ኃይል ትንሽ አይደለም። ጣና በለስ በ2002 ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ወደ ጉባ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱም ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል የሚወርደው ነው። ኮምፒውተርህ የሚያውቀው ግን ከሰፈራችሁ ትራንስፎርመር እስከ ቤትህ ሶኬት ያለውን ሽቦ ብቻ ነው። ግድቡ ሞልቶ ሳለ ያ ሽቦ ቀጭን ከሆነ፣ መገጣጠሚያው ከላላ ወይም በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ከልክ በላይ ቤት ከተንጠለጠለ አንተ ጋ የሚደርሰው ኃይል ደካማ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት መልቲሜትር ግዛ። ውድ አይደለም። በወረቀት 220 ቮልት ነው የተባለውን ሶኬት ማለዳ፣ ረፋድ ላይና ማታ አንድ ሰዓት ላይ እየለካህ ጻፍ። ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ የሚጋግርበትን ሰዓት እንዳታልፍ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ አንተ ከምትገነባው ማሽን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሦስት አራት ምጣድ በአንድ መስመር ሲበራ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት 180 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ቢያነብ አትደነቅ።

ደህና ፓወር ሰፕላይ በጀርባው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ አለው። እንዲህ ያለው 180 ላይም ሥራውን አያቋርጥም። ግን ቮልቴጁ ሲወርድ ኩረንቱ ይጨምራል። ለማሽኑ 1,000 ዋት እየሰጠ ያለ ዕቃ፣ ከመቶ ዘጠናውን በሙቀት ሳያባክን የሚያስተላልፍ ቢሆን፣ ከግድግዳው 1,110 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 5 አምፔር ነው፣ በ180 ግን ከ6 ያልፋል። ለግድግዳ ሶኬት ይህ ምንም አይደለም። ቴሌቪዥን፣ ዲኮደርና ቻርጀር ለተሰካበት ርካሽ ዲቫይደር ግን ብዙ ነው። የዲቫይደሩን ገመድ ሩብ ሰዓት ከሠራህ በኋላ በእጅህ ዳስሰው፤ ከሞቀ አንሣው። ይህ ማሽን በቀጥታ ከግድግዳ ይሰካ፤ ሶኬቱም የላላ ከሆነ ቀይረው።

በጀርባው «115» እና «230» የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ካጋጠመህ፣ የድሮ ወይም ዝቅተኛ አሠራር መሆኑን የሚነግርህ ምልክት ነው። ማብሪያው 115 ላይ ሳለ እዚህ ከሰካኸው በዚያች ቅጽበት ይፈነዳል። ለሁለት ካርድ ማሽን እንዲህ ያለ ዕቃ ከነጭራሹ አትግዛ።

ሌላው አደጋ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው። የሰፈር መስመር ሦስት ፌዝ ነው፤ በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። በነፋስ ወይም በዛፍ ኑትራሉ ሲበጠስ፣ 220 መሆን የሚገባው ሶኬትህ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ምልክቱ አምፖሉ ሁሉ ድንገት ከወትሮው በላይ መድመቁ ነው፤ በሌላ ፌዝ ላይ ያለው ጎረቤት ቤት ደግሞ ይፈዛል። ያን ስታይ ማሽኑን ዝጋ አትበል፣ ሶኬቱን ንቀል። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ ቆርጦ ኃይሉ ከተረጋጋ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚመልሰው መከላከያ እዚህ ቦታ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ መሬቱ። ብዙ ልጆች «ኮምፒውተሬ ይነዝረኛል» እያሉ ይመጣሉ፤ ቴስተር ኬዙ ላይ ሲያሳርፉት ይበራል። ሁሉም ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብለው ያምናሉ። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ውስጡ ከፌዝና ከኑትራል ወደ ቆርቆሮው የተዘረጉ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው የመስመሩን ረብሻ ወደ መሬት ማውረድ ነው። የቤቱ ሶኬት የመሬት መስመር ከሌለው የሚያወርዱበት የለም፤ ቆርቆሮው በ220 እና በዜሮ መካከል ተንጠልጥሎ ወደ 110 ቮልት ይቀመጣል። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ኩረንቱ ኢምንት ስለሆነ መንዘር ብቻ ነው። ነገር ግን እንዲህ የሚነዝር ማሽን ላይ የቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ ገመድ ስትሰካ ያ ቮልቴጅ በገመዱ በኩል ያልፋል፤ የካርድህን መውጫም ሊያቃጥል ይችላል። ውስጡ በእውነት የተበላሸ ቀን ደግሞ ሙሉ 220 ቆርቆሮው ላይ ይመጣል፤ የሚያወርደው መሬት ስለሌለ የሚወርደው በአንተ ነው።

ክረምት ላይ በእኛ ደጋ የመብረቁን ነገር አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። መሬት በሌለው ቤት ውስጥ የተሰካ የመብረቅ መከላከያ ዲቫይደር መብራቱ ቢበራም ትርፍ ኃይሉን የሚጥልበት የለውም። ኤሌክትሪሺያን ጥራ፣ የመዳብ ዘንግ እርጥበት በማይለየው ቦታ፣ የጣሪያ ውሃ በሚያርፍበት አጠገብ አስቀብር፣ ከቆጣሪው በኋላ ካለው ሳጥን ጋር አስተሳስር። ከዚህ ሥራ ሌላ ገንዘብህን በተሻለ የምታውልበት ነገር የለም። ሁለተኛውን ካርድ ለመግዛት ገንዘብ ካነሰህ እንኳ ካርዱ ይቆይ።

3. ድምሩን ራስህ ሥራ።

አርቲኤክስ 3060 170 ዋት፣ 3070 220 ዋት፣ 3080 320 ዋት፣ 3090 350 ዋት፣ 4060 115 ዋት፣ 4090 450 ዋት ነው የተመደበላቸው። የድሮው 1080 ቲአይ 250 ይጠጣል። ይህ በአምራቹ መነሻ ልክ ነው፤ ሦስት ማራገቢያ ያላቸው የተፈጠኑት ዓይነቶች ከዚህ ይበልጣሉ።

የአንተን እንየው። ሁለት 3070 440 ዋት። ፕሮሰሰሩ በጭነት ጊዜ 150። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ማራገቢያ አንድ ላይ 70 እንበል። 660 ሆነ። በዚህ ላይ ሲሶውን ጨምር፤ 880። ስለዚህ 850 ጠባብ ነው፣ 1,000 ዋት ትክክል ነው። ሁለት 3090 የሚያስብ ጓደኛህ ግን 700 ከካርድ ብቻ ይጀምራል፤ ከ1,300 በታች እንዳያስብ፣ 1,500 ወይም 1,600 ይሻለዋል።

ወጪውን የሚቀንስ አንድ ነገር አለ። በካርዱ ሶፍትዌር ውስጥ የኃይሉን ጣሪያ ወደ 80 ከመቶ ማውረድ ትችላለህ። ፍጥነቱ የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ ሙቀቱና ጭነቱ ግን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ለሚሠራ ሬንደር እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማስደርገው። ይህን አደርጋለሁ ብለህ ግን አነስተኛ ፓወር ሰፕላይ አትግዛ፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ በተጫነ ቀን ጣሪያው ወደ ቦታው ይመለሳል።

4. የካርቶኑን ቁጥር ተወው፣ የጎኑን ወረቀት አንብብ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «750» ተጽፎ የመጣ ዕቃ ገልብጬ አሳይቼህ ነበር። የጎኑ ሠንጠረዥ ላይ ቮልቱ በአንድ መስመር፣ አምፔሩ በሥሩ ይሰለፋል። 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ ከዚያ 12 ቮልት። ካርዶችህም ፕሮሰሰርህም የሚበሉት ከ12ቱ ነው። በዚያ ዕቃ ላይ ከ12ቱ ሥር 25 አምፔር ይላል። 12 ጊዜ 25፣ 300 ዋት። የቀረው 450 ማሽንህ በማይጠቀምበት መስመር ላይ በወረቀት የተደመረ ነው። ሁለት 3070 ብትሰቅልበት ጌሙ በተከፈተ በደቂቃው ይጠፋል፤ ቢጠፋ ደግሞ ዕድለኛ ነህ።

እውነተኛ 1,000 ዋት በ12ቱ ሥር 83 አምፔር ገደማ ያሳያል። የ12 ቮልት ማባዣው ውጤት ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር እጅግ ተቀራራቢ ካልሆነ ዕቃውን ለሻጩ መልስለት። ሠንጠረዥ ጨርሶ የሌለውን ደግሞ በእጅህም አታንሣው።

ሌላ የምታየው ነገር ገመዱ ነው። በሽቦው ልባስ ላይ በጣም ትንንሽ ፊደል ታትሟል፤ የስልክህን መብራት አስጠግተህ አንብበው። 18 ወይም 16 ቁጥር ከሆነ ደህና ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል። 20 ወይም 22 ካየህ ውስጡ ያለው መዳብ ቀጭን ነው፣ ለሁለት ካርድ አይሆንም።

5. ካርድ በድንገት እንደሚዘል አስብ።

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ጉግሱን አይተሃል። ቆሞ የነበረው ፈረስ ሲነሣ የመጀመሪያዋ ርምጃ ከሩጫው ሁሉ የበረታች ናት። ካርድም እንዲሁ ነው። 350 ዋት የተባለው 3090 ለሺህኛ ሰከንድ ያህል ከ500 ዋት በላይ ሲዘል ተለክቷል። ሁለቱ ካርዶች በአንድ ቅጽበት ከዘለሉ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያንን እንደ ሾርት ቆጥሮ ራሱን ይዘጋል። ሬንደሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቋርጦ የሚያድርብህ ለዚህ ነው፤ ልጆቹ ግን ዊንዶውሱን ሲጭኑ ይከርማሉ።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤቲኤክስ 3.0 የተባለው ደንብ አዲሱ የካርድ ገመድ ያላቸው ትልልቅ ፓወር ሰፕላዮች ከተጻፈላቸው ኃይል እጥፍ የሚደርስ ዝላይ ለአንድ አሥር ሺህኛ ሰከንድ እንዲችሉ ያዛል። ሁለት ካርድ ለሚገጥም ሰው ይህ ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። 3.1 የሚለውን ካገኘህ ደግሞ ይሻላል፤ ምክንያቱን በሚቀጥለው ታየዋለህ።

6. ለእያንዳንዱ የካርድ ቀዳዳ የራሱ ገመድ።

ካርዱ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ 75 ዋት ያገኛል። ስድስት እግር ያለው ገመድ 75፣ ስምንት እግር ያለው 150 ይጨምራል። አንድ ገመድ ጫፉ ላይ ሁለት ባለ ስምንት እግር ተንጠልጥሎበት ይመጣል፤ ለትንሽ ካርድ ይሁን፣ ለ3070 እና ከዚያ በላይ ግን ሁለት የተለያየ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ዘርጋ። ስለዚህ ስትገዛ የገመዶቹን ብዛት ቁጠር። ሁለት ካርድ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ አራት ገመድ። ዋቱ በቂ ሆኖ ገመዱ የሚያንስ ብዙ ነው።

የሃርድ ዲስክ ገመድን ወደ ካርድ ገመድ የሚቀይር ማያያዣ በየሱቁ ተንጠልጥሏል። እንዳትነካው። ሳታ የሚባለው የዲስክ ማገናኛ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ብቻ ነው፤ ካርዱ ደግሞ በዚያ በኩል እጥፉንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከእግሮቹ ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣልኝ።

600 ዋት የሚሸከመው አዲሱ ባለ 16 እግር ማገናኛ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ 4090 ላይ ሲቀልጥ ዓለም ሁሉ አየው። ጥብቅ ብሎ እስከ መጨረሻው ካልገባ እግሮቹ ይሞቃሉ። በኋላ የወጣው፣ ከኤቲኤክስ 3.1 ጋር የሚመጣው፣ በደንብ ካልገባ ካርዱ ኃይል እንዳይጠይቅ ተደርጎ ተስተካክሏል። የትኛውም ይሁን፣ ከሰካኸው በኋላ ክፍተት እንዳይታይ ጎንበስ ብለህ እይ፤ ገመዱንም ከማገናኛው ሥር አትጠፈው።

ይህን ደግሞ በትልቁ ጻፈው፤ የአንዱን ፓወር ሰፕላይ ተነቃይ ገመድ በሌላው ላይ አትሰካ። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደ ፈቃዱ ያደረገው ነው። የአንድ ድርጅት ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ይገባል፣ ይጠብቃል፤ ስታበራው 12 ቮልቱ 5 ቮልት በሚጠብቀው ቦታ ይሄድና ዲስኩ ከነፋይሉ ይቃጠላል።

7. የነሐስና የወርቅ ማዕረጉ።

80 ፕላስ የሚባለው ምልክት የሚነግርህ ከግድግዳው ከሚወስደው ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያስተላልፍ ነው። በግማሽ ጭነት ነሐሱ ቢያንስ 85፣ ወርቁ 90 ከመቶ ያስተላልፋል። በ600 ዋት ላይ ልዩነቱ 40 ዋት አይሞላም፤ በመብራት ክፍያ ብቻ ብታሰላው ወርቁ የሚያስገዛ አይደለም። እኔ ወርቁን የምመርጠው አምራቹ ውስጡ የሚያስገባው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ስለሆነና ሙቀቱ ስለሚያንስ ነው። ምልክቱ ግን ስለ መከላከያዎቹ ምንም አይናገርም። ፕላቲነም ማሳደድ ለአንተ አያስፈልግህም።

8. የምትኖርበትን ከፍታ አትርሳ።

በቻይና የተሠሩ ብዙ ቻርጀሮችና ፓወር ሰፕላዮች ላይ ትንሽ የተራራ ሥዕል አለ፤ አጠገቡ 2000 ሜትር ይላል። ከዚያ ከፍታ በታች እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ዳንግላም ከ2,100 ታልፋለች፤ ቻግኒ ግን ከመስመሩ በታች ናት። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቀጭን አየር ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለባቸውን ነጥቦች እርስ በርስ መለየቱ ይደክማል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈለጋል። ደግሞም እንጅባራ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

ይህን የምልህ ላስፈራራህ አይደለም፤ የእንጅባራ ብርድ ራሱ ከማቀዝቀዝ ይቆጠራል። ግን ከሁለት ዕቃ አንዱ 5000 ሜትር የሚል ከሆነ እሱን ውሰድ፤ ኃይሉንም ጫፉ ድረስ አታስጨንቀው። ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳው ጉሙና ከሰሉ ነው። የምትሠራበትን ክፍል በከሰል የምታሞቅ ከሆነ ደቃቁ አመድ ማራገቢያው ውስጥ ገብቶ ከእርጥበቱ ጋር ይለጠፋል። ማሽኑን መሬት ላይ አታስቀምጥ፤ ለአንተም ቢሆን ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ማንደድ መርዝ ነው።

9. ዩፒኤስና ስታብላይዘር።

ቢሮ ሁሉ ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር 400 አይሞላም። ሁለት ካርድህ ሲሠሩ መብራት ቢጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። የፓወር ሰፕላይህ የራሱ ማጠራቀሚያ ኃይል ሲቋረጥ የሚያቆየው ለ16 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ነው፤ ከአንድ የመስመሩ ዙር እንኳ ያነሰ። ዩፒኤሱ በዚያ ውስጥ መተካት አለበት። ለአንተ ማሽን ከ1,000 ዋት በላይ፣ በቪኤ ሳይሆን በዋት የተጻፈ፣ ማዕበሉም ንጹሕ ሳይን የሆነ ያስፈልግሃል። የደረጃ ቅርጽ ያለው ማዕበል የሚሰጡት ርካሾቹ ከዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ድንገት ሊዘጋ ይችላል። አቅምህ ካልፈቀደ ሥራህን በየጊዜው የሚያስቀምጥ ሬንደር አስተካክልና ዩፒኤሱን ለነገ አቆየው።

ስታብላይዘርን እኔ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ከ100 እስከ 240 የሚሠራ ዕቃ ዝቅ ያለ ቮልቴጅን ራሱ ይችለዋል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ባለ ሪሌ ስታብላይዘር በየቅያሬው ኃይሉን ለአፍታ ይቆርጣል። ቅደም ተከተሉ መሬት፣ የቮልቴጅ መከላከያ፣ ዩፒኤስ፣ ከተረፈህ ስታብላይዘር ነው።

10. ከውጭ የሚመጣና ያገለገለ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ፓወር ሰፕላይ ላመጣልህ ቢል ደስ ይበልህ፤ «100–240» የሚለው ይኑርበት እንጂ ቮልቴጁ ችግር አይሆንም። ጠፍጣፋ እግር ያለውን ገመዱን ግን በማስተላለፊያ አትጠቀምበት፤ ማስተላለፊያው የመሬቱን መስመር ይቆርጥብሃል። የተለመደው የኮምፒውተር ገመድ ስለሚገባበት በእኛው ቀይረው፤ በቂ ውፍረት ያለውን ምረጥ።

መስከረም 2015 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱ ሲቆም በዓለም ገበያ ያገለገለ ካርድም ፓወር ሰፕላይም ጎርፏል። ካርዱ ሊያዋጣ ይችላል። ቀን ከሌት ሙሉ ጭነት ላይ የኖረ ፓወር ሰፕላይ ግን ካፓሲተሩ ያረጀ ስለሆነ አልገዛም። 12 ቮልት ብቻ የሚሰጠው የሰርቨር ፓወር ሰፕላይም ለዚህ ማሽን አይሆንም። ሁለት ትንንሽ ፓወር ሰፕላይ አገናኝቶ አንድ ማድረግንም ከሚያስተምሩህ ራቅ፤ አንዱ ቀድሞ ሲጠፋ ሌላው በካርዱ በኩል ወደ ማዘርቦርዱ ኃይል ይልካል።

11. አትክፈተው።

ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር እስከ 400 ቮልት ይዞ ይቆያል። ማራገቢያው ቢቆም እንኳ ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

12. ከመክፈልህ በፊትና በመጀመሪያው ማታ።

ሻጩ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ በቁራጭ ሽቦ ያገናኝና ማራገቢያው ሲዞር «ይኸው ይሠራል» ይልሃል። ያ ምንም ጭነት የለበትም፤ ሽጠው የሚያልፉት የተዳከመ ዕቃም እንዲሁ ይዞራል። እንዲያውም ደህና የሆኑት አንዳንዶቹ ያለ ጭነት ማራገቢያቸውን አያዞሩም፤ ስለዚህ ባለመዞሩ ጥሩውን ዕቃ ትተህ እንዳትመጣ።

ማሽኑ ከተገጠመ በኋላ ሁለቱንም ካርዶች በሚያስጨንቅ ፕሮግራም ለግማሽ ሰዓት አሠራ። መልቲሜትሩን ዲሲ ላይ አድርገህ፣ ባለ አራት ቀዳዳው የድሮ የሃርድ ዲስክ ማገናኛ ውስጥ ጥቁሩን መንኪያ በጥቁሩ ሽቦ፣ ቀዩን መንኪያ በቢጫው ላይ አስገባ፤ ሁለቱ መንኪያዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ተጠንቀቅ። ጭነት ሳይኖር ያነበብከውንና በጭነት ያነበብከውን ጻፍ። 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች መውረድ፣ ከ12.6 በላይም መውጣት የለበትም። 12.1 የነበረው በጭነት 11.9 ከሆነ በጣም ደህና ነው። 11.5 ላይ ከተንጠለጠለ ደንቡን ቢያሟላም እኔ አልቀበለውም። ምጣድ በሚበራበት ሰዓት ይህንኑ ፈተና ድገመው፤ የግድግዳው 180 ሲሆንም የውስጡ ቁጥር መነቃነቅ የለበትም። የቫርኒሽ ሽታ ከመጣ ወዲያው ንቀል። ያልያዘልህን ዕቃ በሳምንቱ ውስጥ ለመመለስ ከሻጩ ጋር አስቀድመህ ተስማማ፤ ቀኑንም በደረሰኙ ላይ በእጁ እንዲጽፍልህ አድርግ።